ጁፒተር፣ ጨረቃና ጥር 11

በካልጋሪ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

  አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የጥምቀት በዓል ቀን አቆጣጠር ነው። ወደዚያ የምደርሰው ግን በህንድ በኩል ዞሬ ነው። በዚህ ከተማ ሂንዱ ጎረቤት፣ ሂንዱ የሥራ ባልደረባ የሌለው ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ እነሱም እንደኛ ክረምቱ በሚከብድበት ወር ውሃ የሚገቡበት በዓል አላቸው። የኛን በዓል ቀን እኛ ራሳችን በደንብ የምናየው፣ ሌላው ሕዝብ ተመሳሳዩን ሥራ እንዴት እንደሠራ ስናይ ይመስለኛል።

የምሽቱ ዓላማዬ አንድ ነው። «ቀኑን የሚወስነው ኮከቡ ነው» ወይም «ቀኑ ከጥንት የተሰጠ ነው» ሲባል እንሰማለን። ሰማይ መለኪያ ይሰጣል፤ በየትኛው መለኪያ፣ ከየት ቦታ ቆሞ፣ በማን ስሌት ይቆጠር የሚለውን ግን ሰዎች ተስማምተው ወስነውታል። ይህን በመጀመሪያ በህንዱ የወንዝ በዓል፣ ቀጥሎ በኛው ባሕረ ሐሳብ አሳያለሁ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ውቅያኖስ ተሻግረው ካልጋሪ ሲደርሱ ምን እንደሚገጥማቸው እናያለን። የህንዱን ስናወራ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እንግዲህ ከወንዙ በዓል፣ ከኩምብ ሜላ፣ ልጀምር። በዓሉ በአራት ቦታዎች በየተራ ይከበራል፤ ጋንጋና ያሙና በሚገናኙበት በፕራያግራጅ፣ ጋንጋ ከተራራ ወደ ሜዳ በሚወርድበት በሃሪድዋር፣ በሺፕራ ወንዝ ዳር በኡጃይን፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በናሺክ። ትውፊቱ እንዲህ ይላል፦ አማልክትና ጠላቶቻቸው የሕይወትን መጠጥ ለማግኘት ባሕሩን ናጡት፤ መጠጡ የነበረበትን ማሰሮ ይዘው ሲሻሙ ጠብታው በነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ወደቀ። ሽሚያው 12 ቀን ቆየ፤ የአማልክት አንድ ቀን ደግሞ ለሰው አንድ ዓመት ነው። በየቦታው በዓሉ በ12 ዓመት አንድ ጊዜ ይመለሳል የሚባለው በዚህ ነው።

የቀኑ ስሌት ግን በትውፊቱ ላይ አይቆምም። «ኮከብህ ማነው?» ሲባል ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያልን የምንመልሳቸውን 12ቱን የኮከብ ቤቶች አስቡ። ህንዶችም እነዚህኑ 12 ቤቶች ይቆጥራሉ። ደንባቸው ሁለት አካላትን ይጠብቃል፤ ፀሐይንና ጁፒተርን። ጁፒተር የቆዩት የኮከብ መጻሕፍታችን መሽተሪ የሚሉት ነው። ጁፒተር ሠውር ገብቶ ፀሐይ ጀዲ ላይ ስትሆን በዓሉ በፕራያግራጅ ነው። ጁፒተር ደለዊ ላይ፣ ፀሐይ ሐመል ላይ ስትሆን በሃሪድዋር ነው። ጁፒተር አሰድ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሐመል ስትገባ ተራው የኡጃይን ይሆናል፤ ሁለቱም አሰድ ላይ ሲገናኙ ደግሞ የናሺክ ነው። ስለዚህ ጁፒተር በአንድ የአሰድ ቆይታው ሁለት በዓል ያስከብራል፤ በ2015 ነሐሴያችን አካባቢ ናሺክ ላይ፣ በቀጣዩ ዓመት በሚያዝያ ኡጃይን ላይ እንደሆነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይወላገዳል፤ ጉዳዩም የሚጣፍጠው እዚሁ ላይ ነው። ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ የሚዞረው በ12 ዓመት ሳይሆን በ11.86 ዓመት ነው። ልዩነቱ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ሲጠራቀም ግን ቀኑን ይበላዋል። ሃሪድዋር ላይ በዓሉ በ2010 ተከብሮ ስለነበር ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ቀጣዩን 2022 ይለዋል። ስሌቱን የሚያውቁት ግን ሌላ ነገር አዩ። በ2022 ፀሐይ ሐመል የምትገባው ኤፕሪል 14 ነው፤ ጁፒተር ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 13፣ ደለዊን ለቆ ሑት ይገባል። በአንድ ቀን ተላለፉ ማለት ነው። ስለዚህ በዓሉ ወደ 2021 መጣ። ከዚያ በፊት ሃሪድዋር ላይ በ11 ዓመት የተከበረው በ1938 ነበር። ሰባት የጁፒተር ዙር 83 ዓመት ስለሚሆን ከ1938 እስከ 2021 ያለው 83 ዓመት በትክክል ይገጥማል።

ያ ዓመት ደግሞ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ2021 ኤፕሪል የኮሮና ሁለተኛው ማዕበል ህንድን እየመታት ነበር። በዓሉ ወደ አንድ ወር እንዲያጥር ተደረገ እንጂ ሕዝቡ በጋንጋ ዳር ከመሰብሰብ አልቀረም። በጣት የተቆጠረው 12 ዓመት ደንብ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ይቀራቸው ነበር። አጥብቀው ሰማዩን ሲከተሉ ሰማዩ ስለ ወረርሽኝ አልጠየቃቸውም። አንዳንድ ምሁር ይህን አይቶ በደንቡ ያላግጥ ይሆናል፤ እኔ አላላግጥም። በየትኛውም ሃይማኖት ቀን ማለት ሲመችህ የምታነሣው፣ ሳይመችህ የምታስቀምጠው ነገር ከሆነ ቀንነቱ ይቀራል። ዋጋው ግን ዋጋ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል።

በ2025 ፕራያግራጅ ላይ ስለተከበረው በዓል ስንሰማ «በ144 ዓመት አንዴ የሚመጣ» መባሉን ከመካከላችሁ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። 144 ማለት 12 ጊዜ 12 ነው። ቁጥሩ ለጆሮ ያምራል፤ ከጁፒተር ጋር ግን አይስማማም። 12 የጁፒተር ዙር 142 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከማባዣ ሰንጠረዥ ነው። በኮከብ ስም የሚነገር ሁሉ ከኮከብ አልተቀዳም የምለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ጁፒተር ዓመቱን ይሰጣል፣ ፀሐይ ወሩን። ቀኑን የምትሰጠው ግን ጨረቃ ናት። ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይቆጠራል፤ 30 ቲቲ አንድ የጨረቃ ወር ይሞላል። ጨረቃ አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ታዘግማለች፤ ስለዚህ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት፣ ሌላው ወደ 26 ሰዓት ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚለዋወጠውን ነገር ከተራው ቀን ጋር የሚያገናኙት በአንድ ደንብ ነው፤ ጎሕ ቀዶ ፀሐይ ብቅ ስትል እየተቆጠረ ያለው ቲቲ የዕለቱ መጠሪያ ይሆናል። ይህን ደንብ ያዙልኝ፤ ካልጋሪ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

በፕራያግራጅ ከመታጠቢያ ቀናት ሁሉ የሚበልጠው ጨረቃ ጨርሳ የምትጠፋበት ቀን ነው፤ ማውኒ አማቫስያ ይሉታል፤ አጥባቂው በዝምታ ይውልና ውሃ ይገባል። በዓሉ 45 ቀን ያህል ቢቆይም ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደዚህ ቀን ነው። በ1954 ፌብሩዋሪ 3 በዚሁ ቀን በተፈጠረ መረጋገጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በ2025 ጃንዋሪ 29 ደግሞ፣ አሁንም በዚሁ ቀን፣ መንግሥት ባመነው ቁጥር እንኳ 30 ሰው ሞተ። ስሌት ወረቀት ላይ ሲታይ ቀዝቃዛ ነገር ይመስላል፤ ሚሊዮኖችን ወደ አንድ ሌሊትና ወደ አንድ የወንዝ ዳር የሚሰበስበው ግን ይኸው ወረቀት ነው።

ስለ ህንዱ ስሌት አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ ቤታችን እንግባ። በፕራያግራጁ ደንብ መሠረት በ2025 ጃንዋሪ ጁፒተር ሠውር ላይ ነበር። በዚያው ወር በዚህ አገር ጋዜጣ የኮከብ ዓምድ ያነበበ ሰው ግን ጁፒተርን ገውዝ ላይ ያገኘዋል። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። የምድር ዘንግ እንደሚንገዳገድ ሽክርክሪት ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ የወቅቶች መነሻና የከዋክብት መነሻ በ71 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይራራቃሉ። ምዕራባውያን ኮከብ ቆጣሪዎች ቤቶቹን ከወቅቱ ጋር አሰሩ፤ ህንዶች ከከዋክብቱ ጋር። ዛሬ ልዩነቱ 24 ዲግሪ ደርሷል። ህንዶች ፀሐይ ጀዲ የምትገባበትን ቀን ማካር ሳንክራንቲ ብለው ጃንዋሪ 14 ያከብራሉ፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትመለስበት ቀን ነው ይላሉ፤ በእውኑ ሰማይ ላይ ግን የምትመለሰው ዲሴምበር 21 ነው። ከ1,700 ዓመት በፊት ሁለቱ አንድ ነበሩ። ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥቷ ይህን እንዲያጠና ሜግናድ ሳሃ በተባሉት የፊዚክስ ሊቅ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው ለመንግሥት ሥራ ከወቅት ጋር የሚሄድ ብሔራዊ ካላንደር አወጣ፤ በ1957 ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ ግን ለበዓሉ የድሮውን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ፣ ፓንቻንግን፣ ይዞ ቀረ። ሊቅ ማስረዳት ይችላል፤ የበዓል ቀን ማዛወር ግን ሌላ ሥልጣን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ወደ ባሕረ ሐሳብ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። በኛ ዘንድ ኮከብ ቆጠራና የበዓል ስሌት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዐውደ ነገሥት የሚገልጠው ሰው ስለ ዕድልህ ይነግርሃል፤ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምረው መምህር ግን ስለ ዕድልህ አንዳች አይልም፤ ጾም መቼ እንደሚገባ ይነግርሃል እንጂ። በህንድ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። በኛ አንዳንድ ደብተራ ሁለቱንም ቢያውቅም፣ የፋሲካን ቀን ለማውጣት ሐመልና ሠውር አያስፈልጉትም።

ባሕረ ሐሳብን የደረሰው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የግእዝ ስሌቶች የጥንቱን የእስክንድርያ ዘዴ ጠብቀው እንዳቆዩ አሳይቷል፤ በሌላ ቦታ የጠፋው በኛ ብራና ላይ ተረፈ ማለት ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ባሕረ ሐሳብ በሚለው መጽሐፋቸው ይህንኑ ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል፤ ቤታችሁ ከሌለ ፈልጉት።

ሲወራ ከባድ ይመስላል፤ አብረን እንሥራውና ቀላልነቱን እዩ። ዘንድሮ 2018 ነው። በ5500 ላይ ስንደምረው ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። 7518ን ለ19 አካፍሉ፤ 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ቀንሱ፤ 12፣ ወንበር። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 132፤ በ30 በ30 ግደፉት፤ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ። ወንበሩን በ19 አባዙ፤ 228፤ በ30 ግደፉ፤ 18፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሆኑ ስሕተት ቢገባ ወዲያው ይያዛል፤ 12ና 18፣ 30፤ ደህና ነን። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ቁጥሩ ከጥር ይቆጠራልና ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። በላዩ ሁለት ወር ከ9 ቀን ጨምሩ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። በእጃችሁ ያለው ስልክ ኤፕሪል 12 ይላችኋል፤ ያው ነው። እዚህ ስንሠራ ማንም ወደ መስኮት ሄዶ ጨረቃን አላየም፤ ያስፈለገን ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው።

ያ 11 የሚለው ቁጥር ግን ከጨረቃ የመጣ ነው። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። ይህን ጉድለት ህንዶችም እኛም ማስተናገድ ነበረብን። እነሱ ጉድለቱ ተጠራቅሞ ወር ሲሞላ፣ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ፣ አንድ ትርፍ ወር ይጨምራሉ፤ ጎረቤታችሁ «ዘንድሮ በዓላችን ዘግየ አለ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። እኛ ወር አንጨምርም፤ አበቅቴ ውስጥ ደብቀን በ19 ዓመት አንዴ እንመልሰዋለን። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም።

ገጠመ ስል ግን ጥቂት ይጎድለዋል። በ310 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያዛንፋል። ዘንድሮ የቆጠርናት የፋሲካ ጨረቃ የምትሞላው መጋቢት 28 ነው። እውነተኛዋ ጨረቃ የሞላችው መጋቢት 24 ነው። አራት ቀን ዘግይተን ቆጠርናት። ጥምቀትም እንዲሁ ከወቅቱ ሸሽቷል። ዓመታችን 365 ቀን ከሩብ ነው፤ የወቅቶች ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ያህል ያጥራል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ሮም በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ዘላ አስተካከለች፤ እኛ አልዘለልንም። ስለዚህ ጥር 11 ዛሬ ጃንዋሪ 19 ላይ ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግሥት ዓመት ጃንዋሪ 20፣ በ2016 እንዳየነው። ከ2101 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በመደበኛው ዓመትም ጃንዋሪ 20 ይሆናል። የልጅ ልጆቻችሁ ያዩታል።

ይህ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ የምለው ይህ የመረጥነው ነገር ዋጋ ነው። ጎንደር ላይ የፋሲል መዋኛ ከቀሀ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ከከተራው ብዙ ቀናት አስቀድሞ ይጀመራል። ጃንሜዳ ላይም ድንኳኑ፣ ገንዳው፣ የታቦታቱ መንገድ አስቀድሞ ይሰናዳል። ጥር 11 በየትኛውም ዓመት ጥር 11 ስለሆነ ገበሬው፣ ካህኑ፣ የቀበሌው ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ፋሲካ ቢንቀሳቀስም ስሌቱ ሒሳብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ነው። በደብረ ታቦር የሠራው ሰውና በአክሱም የሠራው ሰው ሳይነጋገሩ አንድ ቀን ላይ ይደርሳሉ።

በአገራችን ሰማይን የሚያይ አቆጣጠር የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የቦረና ኦሮሞ የቀን ቆጣሪዎች፣ አያንቱ የሚባሉት፣ አዲሷን ጨረቃ ከተወሰኑ የኮከብ ስብስቦች ጎን መቼ እንደቆመች እያዩ ወሩን ያውቃሉ፤ ለቀናትም በዙር የሚመላለሱ 27 ስሞች አሏቸው። ህንዶችም የጨረቃን መንገድ በ27 ማረፊያ ነው የሚከፍሉት። አንዱ ከሌላው ወሰደ አልልም፤ ጨረቃ ወደ አንድ ኮከብ ለመመለስ 27 ቀን ከሲሶ ያህል ስለሚፈጅባት ሁለቱም አንድ ነገር አይተው ሊሆን ይችላል። በመልካና በሐይቅ ዳር የሚከበረው ኢሬቻ ግን ዛሬ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚውለው እሑድ ቀን ነው፤ ሕዝብ ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን ጠብቆ። እንዲህ ከሆነ አገር ቤትም የሥራ ሳምንት ከቀን ቆጣሪዎቹ አንዱ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነገሬ ያደርሰናል፤ ወደ ካልጋሪ።

ፀሐይ ስትወጣ ያለው ቲቲ የቀኑ መጠሪያ ይሆናል ያልኩትን አስታውሱ። ጥያቄው የት ስትወጣ የሚለው ነው። ሰዓቱን በዚህ አገር አጠራር ልናገር። በ2025 ያ ታላቁ የአማቫስያ ቲቲ በህንድ ሰዓት ጃንዋሪ 28 ከምሽቱ 7:35 ገብቶ ጃንዋሪ 29 ከምሽቱ 6:05 ወጣ። ፕራያግራጅ ላይ ፀሐይ በቲቲው ውስጥ የወጣችው ጃንዋሪ 29 ጧት ነው፤ በዓሉም ያን ቀን ሆነ። አሁን 12 ሰዓት ተኩል ቀንሳችሁ ወደ ካልጋሪ አምጡት። ቲቲው ጃንዋሪ 28 ከጧቱ 7:05 ገባ፤ ጃንዋሪ 29 ከሌሊቱ 5:35 ወጣ። እዚህ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 8:20 ገደማ ነው። ጃንዋሪ 29 ፀሐይ ስትወጣ ቲቲው ካለቀ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በደንቡ መሠረት የካልጋሪ ሂንዱ ቀን ጃንዋሪ 28 ነው ማለት ነው፤ ከእናት አገሩ በአንድ ቀን ቀድሞ።

እንግዲህ ይህን የሚያይ ሂንዱ ሁለት መንገድ አለው። ደንቡን በቆመበት ምድር ላይ ቢሠራ ከወገኖቹ ቀን ይለያል። በፕራያግራጅ ቀን ቢያከብር ከወገኖቹ ጋር ይሆናል፤ ከራሱ ደንብ ግን ይወጣል። በመሠረቱ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ኮከቡ ሊያስታርቃቸው አይችልም። ወይ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ይወስናል፣ ወይ እያንዳንዱ ቤተሰብ። ወንዝም ቢሉ፣ ካልጋሪ ራሷ ቦውና ኤልቦው የሚባሉ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጃንዋሪ ላይ ዳሩ በረዶ ስለሆነ ግን ማንም ውሃ ግባ አይልም።

እኛ እንዲህ ያለ ራስ ምታት የለብንም። ባሕረ ሐሳብ ፀሐይ የት እንደወጣች አይጠይቅም። አዲስ አበባ ከኛ በክረምት 10 ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ ከተራው ሲደምቅ እዚህ ገና ጎሕ እየቀደደ ይሆናል፤ ሆኖም የነሱም የኛም ቀን ጥር 10 ነው። ከሰማዩ የተቆረጠ ስሌት ስለሆነ የትም ይሄዳል። ለዚህ ነው እንደኛ ለተበተነ ሕዝብ ይህ ስሌት ከህንዱ ይሻላል የምለው፤ ለሰማይ ታማኝነቱ ግን የህንዱ ይበልጣል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አልተቻለም።

ነገር ግን እንዳንኮራ። እኛን የሚያዛውረን ኮከብ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ነው። በሰሜን አሜሪካ በብዙ አጥቢያ እንደሚታየው ቅዳሴው በቀኑ ይደርስና፣ ታቦት ወጥቶ ሕዝብ የሚሰበሰብበት በዓል ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ይዛወራል። ነርሷ ከሆስፒታል፣ ሹፌሩ ከመኪናው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት በሥራ ቀን ሊወጡ ስለማይችሉ። ይህ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ለልጆቻችን «ጥምቀት ዛሬ ነው» ብለን ዝም ካልን ነው፤ ሲያድጉ ጥር 11 የሚባል ቀን መኖሩን አያውቁትም። ቀኑ የሥራ ቀን ላይ እንደዋለ፣ ቅዳሜ ያደረግነው እኛ እንደሆንን፣ ለምን እንዳደረግነው ይነገራቸው። ህንዶቹ ጁፒተር በአንድ ቀን ሲያመልጣቸው ምክንያቱን ለሕዝባቸው ተናግረዋል፤ እኛስ ለምን ይከብደናል?

ለሚመጣው ዓመት፣ ለ2019፣ ስሌቱን ቤታችሁ ሞክሩት። መልሱን ልስጣችሁና መንገዱን እናንተ ፈልጉት፤ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። 14 እና ከዚያ በታች የሆነ መጥቅዕ በጥቅምት እንደሚቆጠር አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ጥር 11 ማክሰኞ ይውላል፤ ጃንዋሪ 19። ከሱ በፊት ያለው ቅዳሜ ጥር 8 ነው፤ ከተራው ገና ሳይደርስ። ከሱ በኋላ ያለው ጥር 15 ነው። ከሁለቱ አንዱን የምትመርጡት የሰበካ ጉባኤ አባላት ናችሁና፣ ከመካከላችሁ እዚህ ያላችሁ ካላችሁ አሁን በጥያቄው ሰዓት ከናንተ መስማት እፈልጋለሁ።